ለባሌ የተለካለት ሸክም

ጠያቂዋ የመጣች ዕለት እኔ የአማቴ አልጋ ሥር በሆዴ ተኝቼ ነበር። አማቴ ስል የባሌን አባት ማለቴ ነው። ጠዋት የቆሸሸ የውስጥ ሱሪያቸውን አውልቀው የሆነ ቦታ ደብቀውታል። ቤቱ ይሸታል፤ እኔም እንደ አነፍናፊ ውሻ ሽታውን እየተከተልኩ ከቁም ሳጥን ወደ መሳቢያ፣ ከመሳቢያ ወደ አልጋ ሥር ስል አረፈድኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት አሮጌ የቆዳ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከግማሽ ዳቦ ጋር ተጠቅልሎ ነው። ዳቦው ተገምጧል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ምግብ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ሊኖር ይችላል።

ከአልጋው ሥር ስወጣ ሳሎን ውስጥ የባሌን ድምፅ ሰማሁ። በሥራ ሰዓት! ባሌ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው። አባቱ ደረጃ ላይ ወድቀው ግንባራቸው የተሰነጠቀ ቀን እንኳ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አንቺ ውሰጃቸው» ብሎኝ ስልኩን የዘጋ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ሶፋው ላይ እግሩን አጣምሮ ከሆስፒታል የመጣች ሴት ያነጋግራል።

ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ጉልበቷ ላይ ሰማያዊ ፋይል ዘርግታለች። የመጣችው ከመርሳት በሽታ ክሊኒኩ ነው። ጥያቄዋ ለበሽተኛው ሳይሆን ለአስታማሚው ነው። የመርሳት በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ምን ያህል ጫና እንዳለበት የሚለካ መጠይቅ ይዛለች። ሃያ ጥያቄ አለው፤ መልሱ ከዜሮ እስከ አራት ነው። ዜሮ «በፍጹም»፣ አራት «ሁልጊዜ»። ይህን ሁሉ የሰማሁት በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ነው። የአማቴን ወለል በበረኪና እየፈተግኩ አዳመጥኩ።

«በእሳቸው ምክንያት እንቅልፍ ያጣሉ?» አለችው።

«ኧረ ተይኝ እህቴ!» አለ ባሌ። «አራት። አራት አድርጊልኝ።»

ባሌ ካንኮራፋ የጎረቤት ውሻ ይነሣል። «ጠዋት ሥራ አለብኝ» ብሎ አልጋውን ወደ ጓዳው ክፍል ካዛወረ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል።

«ሲያጥቧቸውና ሲያለብሷቸው ይቸገራሉ?»

ድምፁ ተሰበረ። «አባትን ራቁቱን ማየት…» አለና ተነፈሰ። «አራት።»

እኔ መፈተጌን አቆምኩ። አባቱን ራቁታቸውን አይቶ አያውቅም። አንድ ቀን የመታጠቢያውን በር በስህተት ከፍቶ፣ ጀርባቸውን ሲያይ «ውይ!» ብሎ መልሶ የዘጋው ነው። ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም አይቻለሁ፤ አንዷ በተሸከመችው ሸክም ሌላው ሲያቃስት ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሲያቃስት ደግሞ ደስ ሲል! ለራሴ ጊዜ የለኝም፣ አራት። ጓደኞቼ ሸሹኝ፣ አራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከነዚያ ከሸሹት ጓደኞቹ ጋር ቢሊያርድ ይጫወታል። ገበያ ገብቶ ሽንኩርት የሚያዝ ይመስል አራት፣ አራት፣ አራት እያለ ወረደ። ሦስት ያለው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ለማሳመኛ ይመስለኛል።

«አንቺ!» አለኝ ከሳሎን። «ሻይ የለም እንዴ?»

እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ሻይ ይዤ ገባሁ። ጠያቂዋ ትሪውን ስትቀበለኝ ዓይኗ እጄ ላይ ተተከለ። በረኪና የበላው እጅ የዓሣ ቅርፊት ነው የሚመስለው።

«እርስዎ ደግሞ…?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ናት» ብሎ ቀደመኝ። «እሷም ታግዘኛለች፣ እግዜር ይስጣት።»

ታግዘኛለች! ደሜ ፈላ፤ ነገር ግን አፌን ያዝኩ። ምንጣፉ ላይ አፍጥጬ «ስኳር ይጨመርልሽ?» አልኳት። ዛሬም ድረስ ከባሌ ውሸት እኩል የሚያቅለሸልሸኝ ያ የስኳር ጥያቄ ነው።

ጠያቂዋ ደመረችና «ሰባ ስምንት ከሰማንያ» አለች። «በጣም ከባድ ጫና ነው። እስካሁን ካየኋቸው ከፍተኛው ነው።» መሐረብ አውጥታ ሰጠችው። ተቀበላት፤ ዓይኑንም ጠረገ። እሷ ስትወጣ ስልኩን አንሥቶ ለእህቶቹ ደወለ። «ሰባ ስምንት!» ይላል፣ ከክፍሉ አንደኛ እንደ ወጣ ተማሪ።

አማቴን ሳታውቋቸው ብቀጥል ደግ አይሆንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው በማስመሪያ የተማሪ ጥፍር ይፈትሹ ነበር፤ ጥፍሩ የቆሸሸ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሸሚዛቸው ላይ አንድ ነጥብ ወጥ ካረፈች ምሳቸውን ትተው የሚነሡ ሰው ናቸው። እኔን ሲያገባኝ ልጃቸው ደስ አላላቸውም፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩና «መቀስ የያዘች ሴት» ይሉኝ ነበር ይባላል። ፊት ለፊት ግን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

በሽታው ሲጀምራቸው መነጽራቸውን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። ቀጥሎ ከሞቱ ዓመታት ካለፏቸው ባለቤታቸው ጋር ተጣልቻለሁ እያሉ ማኩረፍ መጣ፤ ከዚያ መንገድ መሳት፣ ከዚያ የመጸዳጃው ጣጣ። ባሌና ሁለት እህቶቹ ተሰብስበው መከሩ። ታላቅየዋን እትዬ ነው የምላት፤ ወገቧን ያማታል። ታናሽየዋን ሰፈሩ ሁሉ «ሽቶ» ይላታል፤ እሷ ከመድረሷ በፊት ሽታዋ ደርሶ በር ያንኳኳልና። ምክሩ ሲያልቅ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ የለሽም» አለች እትዬ፣ አለመውለዴ በረከት ይመስል። «ለሁለት ወር ብቻ ነው፤ ሰው እስክንፈልግ።»

ሁለቱ ወር ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። መቀሴ ፋብሪካው ውስጥ ለሌላ ሴት ተሰጠ።

አማቴ አሁን እኔን የድሮ ጸሐፊያቸው አድርገው ነው የሚያዩኝ። «ወይዘሪት፣ ጻፊ!» ይሉኛል፤ ማንኪያ ይዤ አጠገባቸው ስቀመጥ። «ይህ ተማሪ በተደጋጋሚ በማርፈዱ ከነገ ጀምሮ ወላጅ ሳያመጣ እንዳይገባ።» እኔም «ጽፌአለሁ ጋሼ» እላለሁ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ሾርባውን አስገባለሁ። አንዳንድ ቀን ስቄ እንባዬ ይወጣል። ሌላ ቀን ደግሞ በዚያ ጥፍር ይፈትሽ በነበረ ሰው ጥፍር ሥር የገባውን ነገር በእንጨት ስንጥር እየፈለቀቅኩ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እንዳላስታውክ እስከ መቶ እቆጥራለሁ።

ጠያቂዋ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የአስታማሚ ቤተሰቦች ፎቶ ጠየቀ። እሁድ ከምሳ በኋላ እህትማማቾቹ መጡ። ሽቶ ለአባቷ አዲስ ሹራብ ገዝታለች። መጠኑን ስላላወቀች አንገቱ አልገባ አላቸው፤ ጎትተን አስገባነው። እሳቸው መሐል ተቀመጡ፤ እትዬ በቀኝ፣ ሽቶ በግራ፣ ባሌ ከኋላ ሁለት እጁን ትከሻቸው ላይ ጭኖ ቆመ። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ።

ልክ ላነሣ ስል አማቴ ፊታቸው ቀላ፤ ወንበሩን ጨበጥ አደረጉ። ምን እንደሆነ ገባኝ። እነሱም በአፍንጫቸው ገባቸው። «ቆይ ልውሰዳቸው» ብዬ ስልኩን ዝቅ ሳደርግ፣ «አንሺ ዝም ብለሽ! ቶሎ አንሺ!» አለች ሽቶ በጥርሷ መሐል፣ ፈገግታዋን ሳታፈርስ። አነሣሁ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘዋል። የእትዬ ጉንጭ ተነፍቶ ለሰው የሳቀች ትመስላለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፎቶ። ከዚያ እሳት እንደ ገባበት ቤት ተበተኑ። ሽቶ በረንዳ ላይ ቆማ አንገቷ ላይ ሽቶ ስትረጭ፣ እትዬ በመሐረብ አፏን ይዛ «እግዜር ያበርታሽ፣ የጽድቅ ሥራ ነው የያዝሽው» አለችኝ። ጽድቁን ቢካፈሉኝስ ልላት ፈልጌ ነበር። እጄ ሞልቶ ስለነበር ተውኩት። አዲሱን ሹራብ በመቀስ ቀድጄ ነው ያወለቅኩላቸው፤ በሌላ መንገድ የሚወጣ አልሆነም። ሲቀደድ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ፎቶው ተለጠፈ። ባሌ የሥራ ባልደረቦቹ አይተው እንዴት እንዳደነቁት ነገረኝ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ።

ደብዳቤውን ራት ላይ አነበበልኝ። ከስልሳ በላይ ነጥብ ያመጡ የተመዘገቡ አስታማሚዎች በሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ የአምስት ቀን እረፍት ተሰጥቷቸዋል። መዋኛ አለው፤ መታሻ አለው፤ አእምሮን የሚያሳርፍ ምክር አለው። «በሽተኛው በእነዚህ ቀናት በሌላ የቤተሰብ አባል ይያዛል» ይላል መጨረሻው ላይ።

ባሌ ወረቀቱን አጠፈና ዓይን ዓይኔን አየኝ። እውነተኛ ሐሳብ ይዞት ነበር።

«አምስት ቀን ነው» አለ። «ብቻሽን ትችያለሽ አይደል?»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። የምስቅ መሰለኝ፣ አልወጣልኝም። ይህ ሰው አይቀልድም። ይህ ሰው ራሱ የተናገረውን ውሸት አምኖታል! ሲያኝክ ተመለከትኩት። ከንፈሩ ላይ የዘይት ጠብታ አለች። ዘይቷ ወደ አገጩ ስትወርድ አይቼ ከጠረጴዛው ተነሣሁ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ጠያቂዋ ለጉዞው የሚፈረም ወረቀት ይዛ መጣች። ባሌ ሥራ ላይ ነው። በሩን ስታንኳኳ አልሰማሁም፤ አማቴን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጬ እያጠብኩ ነበር። ድምፄን ተከትላ መጣችና ደፉ ላይ ቆመች። አማቴ በአንድ እጃቸው ፀጉሬን ጨብጠዋል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ በጨርቅ እግራቸውን እጠርጋለሁ፤ ሳሙና ውስጥ የሚንሳፈፈውን ነገር እሷም አየችው።

«ሁልጊዜ የሚያጥቧቸው እርስዎ ነዎት?» አለች።

«ቤቱ ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። እዚያው የልብስ ቅርጫቱ ላይ ቁጭ ብላ ያንን መጠይቅ አወጣች። እኔም ሥራዬን ሳላቆም መለስኩላት።

«እንቅልፍ ያጣሉ?»

«ዜሮ በዪ።»

«ይደክምዎታል?»

«ዜሮ።»

«በእሳቸው ተናደው ያውቃሉ?»

«ዜሮ አልኩሽ እኮ! ምን ፈልገሽ ነው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ አማቴ ነው ያየችው። «እናቴን ያስታመመችው አክስቴ ናት» አለች። «እኔ ሥራ ነበረኝ። ስመጣ አበባ ይዤ ነው የምመጣው።»

ያኔ ነው አፌ የተከፈተው። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ከአንድ ወር በፊት ምሳ ሳበላቸው ሾርባውን ፊቴ ላይ ተፉብኝ። አንድ ጊዜ ጠረግኩት። ሁለተኛ ተፉብኝ። በሦስተኛው በጥፊ አልኳቸው። ጣቶቼ ጉንጫቸው ላይ ታተሙ። እሳቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መዳፋቸውን እንደሚገረፍ ተማሪ ዘረጉልኝና «ሁለተኛ አይለምደኝም» አሉኝ። «ሁለተኛ አይለምደኝም፣ መምህር።»

«ለዚህኛው ስንት ትሰጪኛለሽ?» አልኳት።

«ለእሱ ጥያቄ የለንም» አለች ቀስ ብላ።

ፎጣ አቀበለችኝ። አማቴን አብረን አደረቅናቸው። የእኔ መልስ እንዲገባ የተመዘገበው አስታማሚ መለወጥ እንዳለበት፣ ለዚህም የባሌ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ፤ አንድ ቤት አንድ ቅጽ ነው። እስኪፈርም ድረስ እረፍቱ የእሱ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ስትወጣ። «ያን ቀን ሳሎን ተቀምጬ የበረኪናው ሽታ መታኝ። ማን እንደሚያጸዳ ግን አልጠየቅኩም።»

በማግሥቱ ጠዋት የባሌን ሸሚዞች ተኮስኩ። የዋና ቁምጣውን አጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ። መኪና አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጢሙን ሲላጭ የእጅ ቦርሳዬን ይዤ የመታጠቢያው በር ላይ ቆምኩ።

«ዳይፐሩ ኮመዲኖው ውስጥ ነው» አልኩት። «ነጯ ኪኒን ከምግብ በፊት፣ ቢጫዋ ከምግብ በኋላ። ውሃው ለብ ይበል፤ ቀዝቃዛ ይፈራሉ። ወይዘሪት ካሉህ አቤት በላቸው።»

«ምን እያልሽ ነው?»

«እኔ ቀድሜ እየወጣሁ ነው።»

ሳቀ። ፊቱ ላይ አረፋው እንዳለ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ሳቀ። የት ትሄዳለች ብሎ ነው። ሳሎን ውስጥ አማቴ ጋዜጣ ገልብጠው ይዘው ተቀምጠዋል። ሳልፍ ቀና አሉ።

«ወይዘሪት፣ ፈቃድ ጠይቀሻል?»

«ጠይቄያለሁ ጋሼ።»

«መልካም» አሉ። አንጀቴን በሉት። ባሌ ምን እንደሚያደርጋቸው፣ ምን እንደማይችል ጠንቅቄ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ወጣሁ።

የሄድኩት የድሮ ባልደረባዬ ዘንድ ነው። ሰፊ ናት፤ ከፋብሪካው ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አላት። ምንም ሳትጠይቀኝ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ስልኬን ዘግቼ ከቀትር እስከ ማግሥቱ ጠዋት ተኛሁ። ስነሣ ፀጉሬን፣ ክንዴን፣ ልብሴን አሸተትኩ። ሽታው አብሮኝ መጥቷል።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የደወለችው እትዬ ናት።

«ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? የታመመ ሽማግሌ ጥሎ መሄድ! የሰው ልጅ ነሽ አንቺ?»

«እትዬ፣ እርስዎ መሄድ ይችላሉ እኮ። ሁለት መንገድ ነው የሚያቋርጡት።»

«እኔማ ወገቤን…»

ዘጋሁባት። ወዲያው ደግሞ ጎረቤታችን ደወለች፤ ከእኛ ጋር በግንብ የምትዋሰን፣ ነገር የማታበዛ ሴት። «ቶሎ ነዪ» አለችኝ። «አይቶ የሚያስችል አይደለም።»

በር ላይ የሽቶ መኪና ቆሟል። እሷ ውስጥ ናት፤ መስኮቱን እስከ ላይ ዘግታለች። ግቢ ስገባ ቀትር ነው፤ ፀሐዩ መሐል አናት ላይ ነው። አማቴ የልብስ ማስጫውን ብረት በአንድ እጃቸው ይዘው ራቁታቸውን ቆመዋል። እዳሪው ከጀርባቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርቋል፤ ከትናንት ጀምሮ ማንም አልነካቸውም ማለት ነው። ባሌ አፍንጫው ላይ መሐረብ አስሯል፤ ሁለት እጁን በፌስታል ጠቅልሏል። የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ይዞ ከአምስት እርምጃ ርቀት ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅባቸዋል። ከላይ፣ ከማዶው ፎቅ በረንዳ፣ ሰዎች ይመለከታሉ።

«ዙር!» ይላል። «ዙር እኮ ነው የምልህ! ዙር አንተ!»

አንተ። ባሌ ከተወለደ ጀምሮ አባቱን አንቱ ሲል ነው የኖረው። ሲቆጣ እንኳ፣ ሲያማቸው እንኳ። ያቺ አንዲት ቃል ከእዳሪው ሁሉ በላይ ሸተተችኝ።

አማቴ በነጻው እጃቸው ከፊት ራሳቸውን ለመሸፈን ይሞክራሉ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። «ተማሪዎቹ ያዩኛል» ይላሉ። «ኧረ ተማሪዎቹ ያዩኛል።»

ቧንቧውን ዘጋሁ። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ጎትቼ ጠቀለልኳቸው። ባሌ መሐረቡን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገ።

«ምን ላድርግ ታዲያ!» ብሎ ጮኸ። «ያስጠላል! ሰው እንዴት ነው የሚችለው? ያስጠላል እኮ!»

አልመለስኩለትም። አማቴን አስገብቼ በለብታ ውሃ አጠብኳቸው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ቆዳቸው ተላጦ ስለነበር ቅባት ቀባኋቸው። አልብሼ፣ ሻይ አጠጥቼ፣ አስተኛኋቸው። ከዚያ የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ላይ ተደፍቼ አስታወክሁ። በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ውስጥ አስታውኬ አላውቅም ነበር። አሁን የወጣልኝ የእሳቸው ሽታ አልነበረም። የባሌ ፌስታል ነው፤ የሽቶ የተዘጋ መስኮት ነው፤ እንደዚህ እንደሚሆን እያወቅኩ ቦርሳዬን ይዤ የወጣሁት እኔም ነኝ።

ጠያቂዋን ራሴ ደወልኩላት። በማግሥቱ መጣች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ባሌ የአስታማሚ መለወጫውን ወረቀት ሳያነብ ፈረመ፤ ሐይቁ ቀርቶበታል፣ ሰፈሩ አይቶታል፤ አንገቱን ደፍቷል። እሷ ጠየቀችኝ፤ እኔም በዚህ ጊዜ እንዳለ መለስኩ። አብዛኛው ሦስት ነው። አራት ያልኩበትም አለ። ሁለትና አንድ ያልኩበትም አለ፤ «ከእሳቸው ጋር ሲሆኑ ደስታ ያጣሉ?» ስትለኝ ያ ደብዳቤ ማጻፋቸው ትዝ ብሎኝ ሁልጊዜ ማለት ስላልቻልኩ ነው።

ደመረች። «ሃምሳ አራት» አለች።

ባሌ ቀና አለ። ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ነፍስ ዘራ።

«ከኔ ያንሳል እኮ» አለ።

የጠያቂዋ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እንደዚያ ሰው የሚያየው ጫማው የረገጠውን ነገር ነው። ከዚያ ፋይሏን ዘጋችና ለእኔ ብቻ «ሰኞ እንገናኝ» ብላኝ ሄደች።

ሃምሳ አራት ለሐይቁ አይበቃም፤ ለቀን መዋያ ግን ይበቃል። አማቴ በሳምንት ሦስት ቀን ክሊኒኩ ወዳለው የአረጋውያን መዋያ መሄድ ጀመሩ። እዚያ አንዲት ነርስ ማስመሪያ ሰጠቻቸው አሉ፤ የሰዎቹን ጥፍር እየዞሩ ይፈትሻሉ፤ ማንም አይቀየማቸውም። እኔም በእነዚያ ሦስት ቀናት ፋብሪካ ተመለስኩ። ድሮ ከእኔ በታች የነበረችው ሴት አሁን አለቃዬ ናት። ደግ ናት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጠማማ ስቆርጥ አይታ እንዳላየች ሆነች።

አማቴ ከዚያ በኋላ ዓመት ከአራት ወር ኖሩ። የሞቱት ታጥበው፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ሆነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ልጆቻቸውን አመሰገነ። እትዬ ወገቧን ይዛ አለቀሰች። ባሌ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ እያለ ከሰው ሁሉ ጋር ተጨባበጠ፤ ያንን ንጹሕ፣ ለስላሳ እጁን አየሁት፤ ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ።

በሳምንቱ ልብሴን በሁለት ሻንጣ ከተትኩ። ባሌ በር ላይ ቆሞ በእውነት ግራ ገብቶት አየኝ።

«አሁን እኮ ነው ያረፍሽው» አለኝ። «አሁን ምን አድርጌሽ ነው የምትሄጂው?»

«ምንም አላደረግህም» አልኩት። እውነቴን ነው።

ፋብሪካው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የአውቶቡስ ጋራዥ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ቀኑን ሙሉ የናፍጣ ሽታ ይገባል። አይረብሸኝም። ባሌ አንዳንዴ ይደውላል። ባለፈው ሳምንት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በር እንዴት እንደሚከፈት ጠየቀኝ። ነገርኩት።